መኪናው የት ያድራል? ብርድ፣ ባትሪና የኤሌክትሪክ መኪና የመቶ ዓመት ታሪክ

(የአደባባይ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ የተስተካከለ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



ንግግሬን ከአንድ የተማሪነት ስሕተቴ ልጀምር። ለትምህርት ወደ ካናዳ፣ ወደ ዊኒፔግ ከተማ በሄድሁበት የመጀመሪያ ዓመት፣ በጥር ወር ገደማ፣ ከማደሪያዬ ፊት ለፊት ባለው የመኪና ማቆሚያ ያየሁት ነገር አስገረመኝ። በእያንዳንዱ መኪና ፊት አንድ አጭር ምሰሶ ቆሟል፤ በምሰሶው ላይ ሶኬት አለ፤ ከመኪናው አፍንጫ ሥር የወጣ ገመድ በዚያ ሶኬት ላይ ተሰክቷል። ረድፉ በሙሉ እንዲሁ ነበር። ያን ዕለት ማታ ለቤተሰቤ በጻፍሁት ደብዳቤ «እዚህ አገር መኪና ሁሉ የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው» ብዬ አወራሁ። መኪኖቹ ግን ሁሉም ቤንዚን ጠጪዎች ነበሩ። ገመዱ በሞተሩ አካል ውስጥ የተቀበረች ትንሽ ማሞቂያ ሌሊቱን ሙሉ ሲያግል የሚያድር ነው፤ ያለዚያ ሞተሩ ጧት አይነሣም። አብሮኝ ይኖር የነበረው ተማሪ ይህን ሲያስረዳኝ እስኪበቃው ሳቀብኝ።

ይህን የማነሣው ለሳቅ ብቻ አይደለም። ስለ ኤሌክትሪክ መኪናና ስለ ብርድ የሚነገረው ታሪክ ብዙውን ጊዜ የኬሚስትሪ ታሪክ ሆኖ ይቀርባል። ባትሪ ብርድ አይችልም፤ ስለዚህ የኤሌክትሪክ መኪና የሞቃት አገር መኪና ነው፤ የተሻለ ኬሚስትሪ ሲገኝ ችግሩ ይፈታል፤ ይባላል። ኬሚስትሪው እውነት ነው፤ አሁኑኑ እመጣበታለሁ። ይሁን እንጂ ታሪኩን በመረመርሁ መጠን ከኬሚስትሪው ቀድሞ የሚመጣ ሌላ ጥያቄ አገኘሁ፤ መኪናው የት ያድራል? ቤት ውስጥ ነው ወይስ ደጅ? ሶኬት አጠገብ ነው ወይስ መንገድ ዳር? ሶኬቱስ የማን ነው? ብርድ የኤሌክትሪክ መኪናን ያሸነፈው ይህ የማደሪያ ነገር ባልተሰናዳበት ቦታ ሁሉ ነው፤ በተሰናዳበት ቦታ ግን ደካማ ባትሪ እንኳ ብርዱን ተቋቁሞ ኖሯል። ዛሬ ላስረዳ የምሞክረው ይህንን ነው።

ባትሪ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው በውስጡ ኬሚካዊ ለውጥ ሲካሄድ ነው፤ ኬሚካዊ ለውጥ ደግሞ በብርድ ይዘገያል። በሁለቱ ዋልታዎች መካከል ያለው ፈሳሽ፣ ኤሌክትሮላይት የምንለው፣ በደጋ ሌሊት ደጅ እንዳደረ ማር ይወፍራል፤ በውስጡ የሚመላለሱት አዮኖች እግራቸው ይከብዳል። ይህ ለሁሉም ዓይነት ባትሪ የጋራ ነው። ጥንታዊው የእርሳስ ባትሪ ከዚህ ሌላ የራሱ ጠባይ አለው። ፈሳሹ በውኃ የተቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ ባትሪው ሙሉ ሲሆን አሲዱ ይበዛል፣ ባዶ ሲሆን ወደ ውኃነት ይጠጋል። ስለዚህ ሙሉው ባትሪ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ሴልሺየስ እንኳ አይረጋም፤ ባዶው ግን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሳይደርስ በረዶ ይሆናል፤ በረዶው ሲሰፋም ዕቃውን ይሰነጥቀዋል። «ባትሪህን ባዶውን ደጅ አታሳድር» የሚለው ምክር ከዚህ የመጣ ነው። ይህን ምክር በልባችሁ ያዙልኝ፤ ወደ መጨረሻው አካባቢ በሌላ መልክ ይመለሳል።

ዛሬ በምንጠቀምበት የሊቲየም አዮን ባትሪ ደግሞ መስጠትና መቀበል ለየቅል ናቸው። የቀዘቀዘ ባትሪ ኃይል ሲሰጥ ይሰንፋል እንጂ ያን ያህል አይጎዳም፤ የሚጎዳው ሲቀበል ነው። ባትሪው ሲሞላ የሊቲየም አዮኖች ወደ ግራፋይቱ ተጉዘው በንብርብሮቹ መካከል ይገባሉ። በብርድ ጊዜ መግባቱ ይዘገያል። ከኋላ የሚገፋቸው ኃይል ካልቀነሰ አዮኖቹ በር ላይ እንደተጨናነቀ ሰርገኛ ይከማቹና እዚያው በግራፋይቱ ገጽ ላይ ብረት ሆነው ይለጠፋሉ። ከተለጠፈው ከፊሉ ዳግመኛ ለሥራ አይውልም፤ ባትሪው የመያዝ አቅሙን ለዘለቄታው ያጣል። ሲብስም ብረቱ እንደ መርፌ እያደገ ሁለቱን ዋልታዎች የሚለየውን ስስ መጋረጃ ሊበሳ ይችላል። ብዙ የሴል አምራቾች ከዜሮ ዲግሪ በታች አትሙሉ የሚል መመሪያ የሚሰጡት ስለዚህ ነው። የዘመኑ መኪና ይህን ሕግ ራሱ ያስከብራል፤ ባትሪው ከቀዘቀዘ የሚቀበለውን ኃይል ይቀንሳል፤ ፍሬን ሲያዝ ተመልሶ የሚመጣውን ኃይል ሳይቀር አልቀበልም ይላል። በብርድ የቆመ አሽከርካሪ «ጣቢያው ተበላሽቷል» ሲል ብዙ ጊዜ እምቢ ያለው የገዛ መኪናው ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ታሪኩ ልለፍ። የቤንዚን ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ አብዛኛውን ሙቀት አድርጎ የሚያባክን ማሽን ነው፤ በብርድ አገር ይህ ብክነት በረከት ይሆናል፤ ተሳፋሪው በነፃ ይሞቃል። የኤሌክትሪክ ሞተር ቆጣቢ በመሆኑ የሚያባክነው ሙቀት የለውም ማለት ይቻላል፤ ተሳፋሪውን የሚያሞቀው ከዚያው ከባትሪው ወስዶ ነው። ባሕርዩ ቁጠባ የሆነ ማሽን በብርድ ጊዜ በቁጠባው ይቀጣል።

አሁን ወደ 1900 እንመለስ። በዚያ ዓመት አሜሪካ ውስጥ ተመረቱ ተብለው ከተመዘገቡት 4,192 መኪኖች 1,681ዱ በእንፋሎት፣ 1,575ቱ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ነበሩ፤ የቤንዚኖቹ 936 ብቻ ነበሩ። እነዚህ ቁጥሮች በየመጽሐፉ ይጠቀሳሉ። ብዙም የማይነሣው ግን ከኤሌክትሪኮቹ ብዙዎቹ ይነዱ የነበሩት ክረምታቸው ጨካኝ በሆነ ከተሞች መሆኑ ነው፤ ኒው ዮርክ፣ ክሊቭላንድ፣ ዲትሮይት፣ ቺካጎ። ክረምት ስል የእነርሱን ማለቴ ነው፤ የእኛ ዝናብ ነው፣ የእነርሱ በረዶ። ባትሪው የእርሳስ ነበር፤ ዛሬ ካለን ጋር ሲነጻጸር እጅግ ደካማ። ታዲያ እንዴት ኖረ?

የኒው ዮርክን የኤሌክትሪክ ታክሲዎች እንውሰድ። በ1897 ሥራ ሲጀምሩ መኪናው ራሱ ቆሞ አይሞላም ነበር። ታክሲው ወደ ጣቢያ ይገባል፤ ግማሽ ቶን ገደማ የሚመዝነው የባትሪ ሣጥን በማሽን ተጎትቶ ይወጣል፤ የሞላው ይገባል፤ መኪናው ይሄዳል። ባትሪው የሚሞላው ከጣሪያ ሥር፣ የባትሪን ጠባይ በሚያውቁ ሠራተኞች እጅ ነበር። በሀርትፎርድ ከተማም በ1910ሮቹ የከተማዋ የመብራት ኩባንያ ለጭነት መኪኖች ተመሳሳይ አገልግሎት አቋቁሞ ነበር፤ ነጋዴው መኪናውን ያለ ባትሪ ይገዛል፤ ባትሪው የኩባንያው ሆኖ ይቀራል፤ ነጋዴው የሚከፍለው በወር የተወሰነ ገንዘብና በተጓዘው ርቀት ልክ ነው። ኮኔቲከት በክረምት ውኃ የሚረጋበት አገር ነው፤ ግን እዚያ ብርድን የመመከት ኃላፊነት የነጋዴው አልነበረም።

የቤት መኪኖቹም ቢሆኑ ደጅ አያድሩም ነበር። የዲትሮይት ኤሌክትሪክ ወይም የቤከር ባለቤት ሀብታም ነው፤ ለመኪናው ጋራዥ አለው። ጋራዥ ስል እኛ እንደለመድነው የጥገናውን ማለቴ አይደለም፤ መኪና የሚያድርበትን ቤት ነው። በዚያ ቤት ግድግዳ ላይ ከመንገድ የሚመጣውን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ለባትሪ ወደሚስማማው ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ፣ ሜርኩሪ ያለበት አረንጓዴ ብርሃን የሚፈነጥቅ የመስታወት መሣሪያ ተሰቅሎ ይታይ ነበር። ጋራዥ የሌለው ደግሞ በወር እየከፈለ መኪናውን ለሕዝብ ጋራዥ ይሰጣል፤ እዚያ ታጥቦ፣ ተሞልቶ፣ ከብርድ ተጠብቆ ያድርና በስልክ ሲጠራ ቤቱ ድረስ ይመጣለታል። እንዲያውም በዚያ ዘመን ለብርድ የተመረጠው ኤሌክትሪኩ ነበር ለማለት ያስደፍራል። የቤንዚኑን ሞተር በጥር ጧት ለማስነሣት የብረት ዘንግ በእጅ መዘወር ያሻል፤ ዘንጉ እየተመለሰ የብዙ ሰው ክንድ ሰብሯል። ኤሌክትሪኩ ግን በሩ የሚዘጋ፣ መስኮቱ መስታወት የሆነ ክፍል ነበረው፤ ማርሹን ገፋ አድርጎ መሄድ ብቻ ነው። የፎርድ ኩባንያ መሥራች ባለቤት ክላራ ፎርድ ሳትቀር የምትነዳው ዲትሮይት ኤሌክትሪክ ነበር።

እዚህ ላይ ቶማስ ኤዲሰን ይገባል። በእርሳስ ባትሪ ክብደት የተማረረው ኤዲሰን በ1901 የኒኬልና የብረት ባትሪውን አስተዋወቀ፤ የመጀመሪያው ምርት ጉድለት ስለታየበት ከገበያ አወጣው፤ ዓመታት ከደከመበት በኋላ የተሻሻለው በ1900ዎቹ መጨረሻ ወጣ። ይህ ባትሪ ዕድሜው የማያልቅ ይመስል ነበር፤ ባዶውን ቢቆም አይጎዳም፣ ቢንገላታ ግድ የለውም። ዲትሮይት ኤሌክትሪክ 600 ዶላር ለሚጨምር ደንበኛ ይገጥምለት ነበር። አንድ ነውር ነበረበት፤ ሲበርደው አቅሙ ከእርሳሱ በባሰ ፍጥነት ይወርዳል። ለከተማ ሀብታም ይህ ብዙ አላስቸገረም፤ ጋራዥ ነበረውና። የኤዲሰን ባትሪ ታሪክ የጽናት ታሪክ ሆኖ ይጻፋል፤ እኔ ግን ባለጋራዡን ደንበኛ አስቦ የተሠራ ባትሪ ታሪክ አድርጌ አነበዋለሁ።

ከዚያ በ1912 ካዲላክ የቻርልስ ኬተሪንግን የኤሌክትሪክ ማስነሻ፣ መካኒኮቻችን ሞተሪኖ የሚሉትን፣ በመኪኖቹ ላይ ገጠመ። ለኤሌክትሪክ መኪና ውድቀት ሞተሪኖ አንዱ ምክንያት መሆኑ የታወቀ ነው፤ ከዚያ ጋር የቤንዚን መርከስና የፎርድ ርካሽ መኪና አሉ፤ እነዚህን ሁላችሁም ስለምታውቋቸው አልቆምባቸውም። መታየት ያለበት ሌላ ነው። ሞተሪኖው የሚሠራው በእርሳስ ባትሪ ነው። የቤንዚኑ መኪና ኤሌክትሪኩን ሲያሸንፍ የኤሌክትሪኩን የብርድ በሽታ ወረሰ። ጧት ላይ ዘይቱ ወፍሮ ሞተሩ ከወትሮው የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል፤ በዚያችው ሰዓት ባትሪው ከወትሮው ያነሰ ጉልበት አለው። ያውም ይህ መኪና የሚያድረው በባለሙያ ጋራዥ ውስጥ አይደለም፤ በርካሽነቱ ምክንያት ጋራዥ የሌለው ሰው እጅ ገብቷልና ደጅ ያድራል።

መፍትሔውን ያገኙት የሰሜን ሰዎች ናቸው። በአሜሪካ የሰሜን ዳኮታ ግዛት፣ ግራንድ ፎርክስ በምትባል ከተማ፣ የገጠር ኤሌክትሪክ ኅብረት ሥራ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ የነበረው አንድሩ ፍሪማን በሞተር ብሎን ቦታ የምትገባ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሠርቶ በ1949 የፈጠራ መብት አገኘባት። ኤሌክትሪክ የሚሸጥ ሰው የሠራት መሆኑ አይገርማችሁ፤ መብራት ሻጭ ሁልጊዜ የሚፈልገው ሌሊት የሚገዛው ደንበኛ ነው። ቀስ በቀስ በዊኒፔግ፣ በኤድመንተን፣ በአላስካዋ ፌርባንክስ፣ በስዊድንና በፊንላንድ ሰሜን በየማቆሚያው ሶኬት ያለው ምሰሶ ተተከለ፤ በመሥሪያ ቤት፣ በአፓርትማ፣ በሆቴል። የቤንዚን ዘመን ለደጅ አዳሪው መኪና ያበጀው ማደሪያ ይህ ነው። እኔ በተማሪነቴ ያየሁት ረድፍ የዚህ ውጤት ነበር። እናም ስሕተቴ ሙሉ ስሕተት አልነበረም እላለሁ፤ እነዚያ መኪኖች ቀን ቀን በቤንዚን ቢሄዱም ሌሊት የሚያድሩት በኤሌክትሪክ ነበር።

በዚህ መካከል ያለውን ግማሽ ክፍለ ዘመን በአንድ ዝላይ ላልፈው ነው። ጀነራል ሞተርስ በ1996 ኢቪ1 የተባለውን የኤሌክትሪክ መኪና ሲያወጣ ያከራየው በካሊፎርኒያና በአሪዞና ነው። በተለይ በካሊፎርኒያ የጭስ ሕግ ምክንያት ይህ ይጠበቃል፤ ሆኖም ባትሪው የእርሳስ ስለነበር የቦታው ምርጫ ለባትሪውም ተስማምቶታል። ይህ ምርጫ በሰዎች አእምሮ ውስጥ አንድ ነገር አትሟል፤ የኤሌክትሪክ መኪና የፀሐይ አገር ነው የሚል።

ይህን እምነት ያፈረሰችው ኖርዌይ ናት። በ1989 የአሃ ሙዚቃ ቡድን አባላት ሞርተን ሃርከትና ማግኔ ፉሩሆልመን ከአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቹ ፍሬደሪክ ሃውገ ጋር ሆነው ወደ ኤሌክትሪክ የተለወጠች ፊያት ፓንዳ ከስዊዘርላንድ አስመጡ፤ በየመንገዱ የኬላ ክፍያ አንከፍልም እያሉ ነዷት፤ በቅጣቱ ብዛት መኪናዋ ተወርሳ ተሸጠች። መንግሥትም ከ1990 ጀምሮ ቀረጡን፣ ከ1997 ጀምሮ የኬላውን ክፍያ፣ ከ2001 ጀምሮ ተጨማሪ እሴት ታክሱን አነሣላቸው። ይህ የታክስ ታሪክ በደንብ ተጽፏል። እኔን የሚስበኝ ግን በዚያ ዘመን ኖርዌይ ውስጥ የተሠራችው ቲንክ የተባለች ትንሽ መኪና የባትሪ ታሪክ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የወጣችው ቲንክ የኒኬልና የካድሚየም ባትሪ ነበራት፤ ብርድ ይችላል፣ ካድሚየሙ ግን መርዝ ነው። በ2008 የወጣችው ቲንክ ሲቲ ደግሞ ከምርጫዎቿ አንዱ አድርጋ ዜብራ የሚባለውን ባትሪ ያዘች። ስሙ ከሜዳ አህያዋ አይደለም፤ «የዚዮላይት ባትሪ ምርምር አፍሪካ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ስያሜ የመጀመሪያ ፊደሎች የተገኘ ነው። የተወለደው በ1980ዎቹ በደቡብ አፍሪካ፣ በፕሪቶሪያ፣ በነዮሐን ኩትሲየር ቤተ ሙከራ ነው፤ ኋላ ስዊዘርላንድ ውስጥ መመረት ጀመረ። የዜብራ ሐሳብ ከሌሎቹ ሁሉ ተቃራኒ ነው። ባትሪውን ከብርድ ከመጠበቅ ይልቅ ጭራሹን ምድጃ ያደርገዋል፤ የውስጡ ጨው ቀልጦ እንዲሠራ ከ270 ዲግሪ በላይ መጋል አለበት። ሙቀት በማያስወጣ ሣጥን ስለተሸፈነ ውጪው ከዜሮ በታች 30 ይሁን ከዜሮ በላይ 30 ግድ የለውም። አፍሪካ ውስጥ የተፈለሰመ ባትሪ በኦስሎ በረዶ ላይ መኪና ሲነዳ ማየት ለእኔ ደስ ከሚሉኝ የቴክኖሎጂ ታሪክ ገጾች አንዱ ነው። ዋጋው ግን ምንድን ነው? ሌሊት ሶኬት ላይ ማደር። ለብዙ ቀናት ሳይሰካ ከቆመ ጨው ይረጋል፤ እንደገና አግሎ ለሥራ ማብቃት የቀን ሙሉ ሥራ ነው፤ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ቲንክ የምትኖረው ማደሪያ ባላት ቤት ብቻ ነበር፤ የኖርዌይ ቤተሰብ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ግቢና ሶኬት ያለው ነው።

ሊቲየም አዮን በ1991 በሶኒ አማካይነት ገበያ ከገባ በኋላ ለመኪና እስኪበቃ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ፈጅቷል። በ2010 መጨረሻ የወጣው ኒሳን ሊፍ ባትሪውን በአየር ብቻ የሚያስተዳድር ነበር፤ የባትሪ ማሞቂያ በሁሉም ላይ የተለመደው ትንሽ ዘግይቶ ነው። ቴስላ ግን ከመጀመሪያው መኪናው አንሥቶ በሴሎቹ መካከል ፈሳሽ የሚያዘዋውር ቧንቧ ዘርግቷል። ያ ቧንቧ ሙቀትን የሚተዳደር ነገር አደረገው። በ2017 በወጣው ሞዴል 3 ላይ ለባትሪው የተለየ ማሞቂያ እንኳ የለም፤ ባትሪው ሲበርደው ሞተሩ ሆን ብሎ እንዲያባክን ይታዘዛል፣ የባከነው ሙቀት በቧንቧው ወደ ባትሪው ይሄዳል። ቁጠባ ባሕርዩ የሆነውን ማሽን ማባከን አስተማሩት። በመጋቢት 2019 ደግሞ አሽከርካሪው የኃይል መሙያ ጣቢያን በካርታው ላይ መድረሻው አድርጎ ሲመርጥ መኪናው በመንገድ ላይ እያለ ባትሪውን ማሞቅ እንዲጀምር ተደረገ። ከዚያ በኋላ ሂት ፓምፕ የሚባለው፣ ከውጪው አየር ሳይቀር ሙቀት ለቅሞ ወደ ውስጥ የሚያስገባው መሣሪያ ተስፋፋ። በ2016 የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲው ቻዎ-ያንግ ዋንግና ባልደረቦቹ ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ በሴሉ ውስጥ ስስ የኒኬል ወረቀት በማስገባት ባትሪው ራሱን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ወደ ዜሮ በ20 ሴኮንድ እንደሚያሞቅ፣ ለዚህም የሚያጠፋው ከአቅሙ 3.8 በመቶውን ብቻ እንደሆነ አሳዩ።

እነዚህ መፍትሔዎች ሁሉ ድንቅ ናቸው። ግን አንድ የጋራ ግምት አላቸው፤ ባትሪው ውስጥ ለማሞቂያ የሚሆን ኃይል አለ፣ ወይም መኪናው ሶኬት ላይ ነው። ማደሪያውን ከጋራዡ አንሥተው ወደ መኪናው ውስጥ ለማስገባት የተደረገ ሙከራ ነው ቢባል ያስኬዳል። ማደሪያ የሌለውና ባዶ የሆነ መኪናስ?

መልሱን በጥር 2024 አጋማሽ ቺካጎ ላይ አየነው። የሙቀት መጠኑ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አካባቢ በወረደባቸው ጥቂት ቀናት፣ በከተማዋና በዙሪያዋ ባሉ የቴስላ መሙያ ጣቢያዎች መኪኖች ለሰዓታት ተሰለፉ፤ አንዳንዶቹ ወረፋ ላይ እንዳሉ ባትሪያቸው አልቆ በጎታች መኪና ተወሰዱ። የዜና ሰዎች «ባትሪ በብርድ ሞተ» ብለው አወሩ። ነገሩን ቀረብ ብላችሁ ብታዩት ግን ሌላ ነው። ብዙዎቹ ወደ ጣቢያ የደረሱት ባትሪያቸው ባዶ ሊሆን ሲል ነው። ብዙዎቹ ባትሪውን በመንገድ ላይ አላሞቁም፤ ወይ አያውቁም፣ ወይም መኪናው የቀረችውን ኃይል በማሞቂያ ላይ ማጥፋት አልፈቀደም። ስለዚህ ሲሰኩ የመጀመሪያው ኃይል የሚሄደው ባትሪውን ለማሞቅ እንጂ ለመሙላት አይደለም፤ አንዱ ሲዘገይ ወረፋው ይረዝማል፤ ወረፋ ላይ ያለው ደግሞ ተሳፋሪ ክፍሉን እያሞቀ የቀረችውን ይጨርሳል። «ባዶውን ደጅ አታሳድር» የሚለው የእርሳስ ባትሪ ምክር በአዲስ መልክ መጣ ማለት ነው። ቤቱ ሶኬት ያለው ሰው በዚያ ሳምንት ዜና ላይ አልታየም። ወረፋው ላይ የታዩት በአመዛኙ የራሳቸው መሙያ የሌላቸው ሰዎች ነበሩ፤ በአፓርትማ የሚኖሩ፣ መኪና ተከራይተው በታክሲ የሚሠሩ። አስቡት፤ ይህች ከተማ በ1899 ዉድስ የተባለ የኤሌክትሪክ መኪና ኩባንያ የተቋቋመባት፣ የሕዝብ ጋራዦች ሌሊት መኪና እየሞሉ ያሳድሩባት የነበረች ከተማ ናት።

በዚያው ወር መጀመሪያ በኖርዌይ ሰሜን፣ በካውቶኬይኖ፣ የሙቀት መለኪያው ከዜሮ በታች 43 ዲግሪ አልፎ ወርዷል። በዚህች አገር በ2023 ከተሸጡት አዳዲስ የቤት መኪኖች 82 በመቶው ኤሌክትሪክ ነበሩ። ቫይኪንግ የተባለው የመንገድ ላይ እርዳታ ድርጅት በዚያ ብርድ አልነሣ ብለው ከደወሉለት መኪኖች ኤሌክትሪኮቹ 13 በመቶ ገደማ መሆናቸውን አስታውቋል፤ በአገሪቱ ካሉት መኪኖች ውስጥ ያላቸው ድርሻ ግን ከዚያ በጣም ይበልጣል። ይህን ቁጥር የኤሌክትሪክ መኪና ወዳጆች በደስታ ይጠቅሱታል። ተማሪዎቼን የማስጠነቅቀው ግን የኤሌክትሪኮቹ አማካይ ዕድሜ ከቤንዚኖቹ ያነሰ መሆኑን ሳያስቡ እንዳይጠቅሱት ነው፤ አዲስ መኪና ምንም ዓይነት ቢሆን ጧት ይነሣል። ደግሞም ከማይነሡት ኤሌክትሪኮች መካከል ትልቁ ባትሪያቸው ደኅና ሆኖ መብራትና ኮምፒውተር የሚያስነሣው ትንሹ ባለ 12 ቮልት ባትሪያቸው የከዳቸው አሉ። ያ ትንሽ ባትሪ ብዙ ጊዜ የእርሳስ ነው፤ የኬተሪንግ ውርስ አልለቀቀንም።

የኖርዌይ ጥንካሬ ሁሉ ከባትሪ አልመጣም። የከተማው ነዋሪ በፎቅ ቤት ሲኖር ግቢና ሶኬት የለውም፤ ስለዚህ በ2018 ሥራ ላይ የዋለው የጋራ ሕንፃዎች ሕግ ባለቤቱ በሕንፃው ማቆሚያ ላይ መሙያ የማስገጠም መብት ሰጠው፤ የነዋሪዎች ቦርድ ሊከለክለው የሚችለው በቂ ምክንያት ሲኖረው ብቻ ነው። ለእኔ ይህ አንቀጽ ከሂት ፓምፑ ያላነሰ የብርድ ቴክኖሎጂ ነው። ዊኒፔግም ያ የድሮ ምሰሶ አላት፤ ነገር ግን የተሠራው ለማሞቂያ እንጂ ለመሙያ አልነበረም። የሚሰጠው ኃይል አንድ ተኩል ኪሎዋት አይሞላም፤ በአንዳንድ ማቆሚያዎችም ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ በየጥቂት ደቂቃው እየጠፋ እንዲበራ ተደርጓል። በከባድ ብርድ የተሰካ የኤሌክትሪክ መኪና ከዚያ የሚያገኘውን አብዛኛውን ባትሪውን በማሞቅ ይጨርሰዋል። ሆኖም ሞቆ ያድራል፤ ጧት ጣቢያ ቢሄድ አይሰለፍም።

ከአድማጮች አንዱ ከመግባቴ በፊት «ይህ እኛን ምን ይመለከተናል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ቺካጎ በተሰለፈችበት በዚያው ወር መጨረሻ የእኛ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ የሚገቡት በአመዛኙ የቻይና ሥራዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም የሊቲየምና የብረት ፎስፌት ባትሪ የያዙ ናቸው፤ ርካሽና ረጅም ዕድሜ ያለው፣ ለብርድ ግን ከሌሎቹ የሊቲየም ባትሪዎች ይልቅ ስስ የሆነ። የአዲስ አበባ የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ ይጥላል። ይህ ባትሪ የሚያበላሽ ብርድ አይደለም፤ ጧት በፈጣን መሙያ ላይ ጥቂት ቢያዘገይ ነው። ብርዱን ለእነ ካውቶኬይኖ እንተውላቸው። የማደሪያው ጥያቄ ግን ሙሉ በሙሉ የእኛ ነው። ግቢ ያለው ሰው ከሳሎኑ ገመድ አውጥቶ ያሳድራል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖረውስ? መኪናው ዘበኛ በሚጠብቀው የጋራ ሜዳ ላይ ነው የሚያድረው፤ ቆጣሪው ግን ከቤቱ ውስጥ ነው። በሜዳው ላይ ምሰሶ ይተከል ቢባል የሚተክለው ማን ነው፣ ሂሳቡ በማን ስም ይመጣል፣ የነዋሪዎች ኮሚቴ እምቢ ቢል ለማን ይባላል? በታክሲ ለሚተዳደረውም ሰው ጥያቄው ያው የቺካጎው ነው፤ እንጀራውን የሚያገኘው ቀን በመንዳት ስለሆነ ቀን ጣቢያ ላይ የሚቆምበት እያንዳንዱ ሰዓት ከገቢው ይቀነሳል።

በዚህ አዳራሽ የሕግ፣ የከተማ ፕላንና የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለምትፈልጉ የጋራ ሕንፃዎች ደንባችንን ከኖርዌዩ ሕግ ጋር አስተያይታችሁ እንድትመለከቱ እጠይቃለሁ። የተሰጠኝ ጊዜ አልቋል። ወደ ጥያቄዎቹ እንለፍ።